«ይኸው» የሚለው ቃልና የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሥልጣን

በአንድ መንግሥት ውስጥ ሁለተኛ ሆኖ የሚቀመጥ ሰው ሥራው ምንድን ነው? የመጀመሪያው ሲሞት ወራሽ ነውን? ወይስ ሌላ እስኪመጣ ድረስ ቦታውን የሚጠብቅ ብቻ ነው? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በዩናይትድ ስቴትስ ምክትል ፕሬዚዳንት ታሪክ ላይ ልንመረምረው አስበናል። ይህን አገር የመረጥንበት ምክንያት ሹመቱ በ1787 በተጻፈ ሕገ መንግሥት ተቋቁሞ እስከ ዘመናችን የደረሰ በመሆኑ፣ ይልቁንም ከሁሉ የበለጠው ክርክር የተነሣው በአንዲት ቃል ምክንያት ስለ ሆነ ነው። ስለ አገራችን ከምንናገርበት ቦታ በቀር ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ነገር ለመረዳት የተመቸ ቋንቋ አለው ብንል ማጋነን አይሆንም። «አልጋ ወራሽ» እና «እንደራሴ» የሚባሉ ሁለት ልዩ ልዩ ስሞች አሉንና። አልጋ ወራሽ የሚባለው ንጉሡ ሲያርፍ አልጋውን የሚወርሰው ነው። እንደራሴ ግን አልጋው የሌላ ሆኖ ሳለ በባለ አልጋው ፈንታ ሥራውን የሚሠራ ነው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ራስ ተፈሪ «አልጋ ወራሽና እንደራሴ» እየተባሉ ሁለቱን ማዕርግ በአንድነት ይዘው ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን መጠራታቸው ራሱ ነገሩ አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑን ያስረዳል። የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰዎች ለሁለቱ ነገር አንድ ስም ብቻ ሰጡ። ከዚህ የተነሣ 180 ዓመት ያህል የፈጀ ችግር ተከተለ።

በ1787 በፊላዴልፊያ የተሰበሰበው ጉባኤ ምክትል ፕሬዚዳንት የሚባል ሹም እንዲኖር ያሰበው በመጨረሻ ላይ ነው። ጉባኤው በግንቦት ሥራውን ጀምሮ በመስከረም 17 ቀን ሕገ መንግሥቱን ሲፈርም፣ ይህ ሹመት ከኮሚቴ ወጥቶ የቀረበው በመስከረም 4 ቀን፣ ማለት 13 ቀን ብቻ ሲቀር ነበር። የቀረበውም ለምርጫው ዘዴ ሲባል ነው። በየስቴቱ የሚሰየሙት መራጮች እያንዳንዳቸው የገዛ አገራቸውን ሰው ብቻ እንዳይመርጡ፣ ለሁለት ሰዎች ድምፅ እንዲሰጡና ከሁለቱ አንዱ የግድ የሌላ ስቴት ሰው እንዲሆን ተወሰነ። ሁለተኛው ድምፅ እንዲያው በከንቱ እንዳይጣል ደግሞ በብዛት ሁለተኛ የወጣው ሰው ምክትል ፕሬዚዳንት ይሁን ተባለ። የሰሜን ካሮላይናው ሂው ዊልያምሰን እንዲህ ያለ ሹም አያስፈልግም፤ የገባውም ሁለት ሰዎችን በአንድ ጊዜ ለሚያስመርጠው ዘዴ ሲባል ብቻ ነው ብለው በግልጽ ተናግረዋል። እኛም ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ማብራሪያ አላገኘንም።

ሹሙ ከተፈጠረ በኋላ ሥራ ያስፈልገው ነበርና የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሊቀ መንበር እንዲሆን፣ ድምፅ እኩል ለእኩል ሲሆንም ብቻ ድምፅ እንዲሰጥ ተደረገ። የኮኔክቲከቱ ሮጀር ሸርማን ይህ ባይሰጠው ሰውየው ሥራ ፈት ይሆናል ብለው ተከራከሩ። የማሳቹሴትሱ ኤልብሪጅ ጌሪ በበኩላቸው ምክትል ፕሬዚዳንቱ ከፕሬዚዳንቱ ጋር የቅርብ ወዳጅነት ስለሚኖረው የሕግ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሊሆን አይገባውም ሲሉ ተቃወሙ። ገቨርነር ሞሪስ የሚባሉት አንደበተ ርቱዕ ሰው ለዚህ ሲመልሱ፣ እንዲህ ከሆነማ አባቱን የወደደ የመጀመሪያው አልጋ ወራሽ ይሆናላ የሚል ቀልድ ተናገሩ። ቀልዱ ያስቃል፤ ነገር ግን ሞሪስ በዚያ ቀን ምክትሉን በወራሽ መመሰላቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን። ጌሪ ሕገ መንግሥቱን አንፈርምም ካሉት ሦስት ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ ኋላ ግን ይህንኑ የተቃወሙትን ሹመት በ1813 ተቀብለው በሥራው ላይ እንዳሉ በ1814 አረፉ።

የመጀመሪያው የምርጫ ዘዴ ብዙ አልቆየም። በ1796 ጆን አዳምስ በ71 ድምፅ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ተቃዋሚያቸው ቶማስ ጄፈርሰን በ68 ድምፅ ምክትላቸው ሆኑ። በ1800 ደግሞ ጄፈርሰንና አሮን ቡር እኩል 73 ድምፅ አግኝተው ነገሩ ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት ቀረበና በ36ኛው ድምፅ አሰጣጥ ብቻ በየካቲት 17 ቀን 1801 ተቆረጠ። በ1804 የጸደቀው 12ኛው ማሻሻያ ለሁለቱ ሹመቶች ድምፅ ለየብቻ እንዲሰጥ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ በብዛት ሁለተኛ የሚወጣ ታላቅ ሰው መፈለጉ ቀረና፣ ፓርቲዎች ምክትሉን የሚመርጡት የአንድን አውራጃ ወይም የአንድን ወገን ሰዎች ለማስደሰት ሆነ። ዊልያምሰን የጠቀሱት ምክንያት ጠፍቶ ሹመቱ ብቻውን ቀረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ አንቀጽ፣ ፕሬዚዳንቱ ከሹመቱ ቢሻር፣ ቢሞት፣ ሹመቱን ቢለቅ ወይም የሹመቱን ሥልጣንና ተግባር መፈጸም ባይችል «ይኸው» ለምክትል ፕሬዚዳንቱ ይተላለፋል ይላል። «ይኸው» የተባለው ምንድን ነው? ሹመቱ ነውን? ወይስ የሹመቱ ሥልጣንና ተግባር? በአማርኛ ብንተረጉመው መምረጥ ግድ ይሆንብናል፤ ሹመቱ ከሆነ «ይኸው» እንላለን፣ ሥልጣንና ተግባሩ ከሆነ «እነዚሁ»። የእንግሊዝኛው ቃል ግን ለነጠላም ለብዙም አንድ ስለ ሆነ ጸሐፊዎቹ ሳይመርጡ አለፉ። ሹመቱ ነው ካልን ምክትሉ ራሱ ፕሬዚዳንት ይሆናል፤ አልጋ ወራሽ ነው ማለት ነው። ሥልጣንና ተግባሩ ነው ካልን ምክትል እንደ ሆነ ሥራውን ይሠራል፤ እንደራሴ ነው።

የጉባኤውን ወረቀቶች የመረመረ ሰው የትኛው እንደ ታሰበ ለማወቅ ብዙ አይቸገርም። በመስከረም 4 ቀን የቀረበው የኮሚቴው ረቂቅ ምክትሉ ሌላ ፕሬዚዳንት እስኪመረጥ ወይም ፕሬዚዳንቱ ችሎታውን እስኪያገኝ ድረስ እነዚያን ሥልጣኖችና ተግባሮች ይሠራል የሚል ነበር። ይህ ንጹሕ የእንደራሴነት ቃል ነው። ኋላ ጽሑፉን አሳጥሮና አስተካክሎ እንዲያቀርብ የተመረጠው የቋንቋ ኮሚቴ፣ በተለይም ብዕሩን የያዙት እኚያው ገቨርነር ሞሪስ፣ ረጅሙን ሐረግ አሳጥረው አንዲቷን ቃል አስገቡ። የኮሚቴው ሥራ ቃሉን ማሳመር እንጂ ነገሩን መለወጥ አልነበረም። ሆኖም አጭርና ያማረ ጽሑፍ ግልጽ ጽሑፍ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለንም።

ለ50 ዓመት ያህል ማንም አልጠየቀም፤ በሥራው ላይ እያለ የሞተ ፕሬዚዳንት አልነበረምና። በመጋቢት 4 ቀን 1841 የ68 ዓመቱ ዊልያም ሄንሪ ሐሪሰን ቃለ መሐላ ፈጽመው ሥራ ጀመሩ፤ ልክ በወሩ በሚያዝያ 4 ቀን አረፉ። ምክትላቸው ጆን ታይለር በዚያን ጊዜ በቨርጂንያ፣ በዊልያምስበርግ በቤታቸው ነበሩ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ የዳንኤል ዌብስተር ልጅ ፍሌቸር ዌብስተር መልእክቱን ይዘው በማግሥቱ ማለዳ ከቤታቸው ደረሱ። ሚኒስትሮቹ የጻፉት ደብዳቤ የተላከው «ለምክትል ፕሬዚዳንቱ» ተብሎ ነበር። ታይለር ጊዜ ሳያጠፉ ተነሥተው በሚያዝያ 6 ቀን ከንጋት በፊት ዋሽንግተን ገቡ።

ከዚህ በኋላ ያደረጉት ሁሉ በጥንቃቄ የታሰበ ይመስላል። በዚያው ቀን በሆቴል ውስጥ በዳኛ ዊልያም ክራንች ፊት የፕሬዚዳንትነትን መሐላ ማሉ። ዳኛው በጻፉት የምስክር ወረቀት ላይ፣ ታይለር ቀድሞ በምክትልነት የማሉት መሐላ ይበቃኛል ብለው እንደሚያምኑ፣ ነገር ግን ጥርጥር ሊነሣ ስለሚችል ለበለጠ ጥንቃቄ እንደ ማሉ ተመዝግቧል። ጥርጥሩ እንደሚነሣ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ከሦስት ቀን በኋላ እንደ ተመረጠ ፕሬዚዳንት ለሕዝቡ የመግቢያ ቃል አወጡ። ወደ ቤተ መንግሥቱም ገቡ፤ ደመወዙንም ወሰዱ። «ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት» ተብሎ የተጻፈላቸውን ደብዳቤ ሳይከፍቱ ይመልሱ ነበር ይባላል።

ብርቱ ተቃውሞ የመጣው ከሽማግሌው ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ነው። እኚህ ሰው ቀድሞ ፕሬዚዳንት የነበሩ፣ በዚያ ጊዜ ግን የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባል ነበሩ። በሚያዝያ 1841 በዕለት ማስታወሻቸው ላይ፣ ታይለር ራሳቸውን ፕሬዚዳንት ብለው መጥራታቸው የሕገ መንግሥቱን ሰዋስውና አገባብ በቀጥታ የሚጥስ ነው ብለው ጻፉ። የመንግሥት ሥልጣን በሰዋስው ሲመዘን ማየት ደስ ይላል፤ በትምህርት ቤት ሰዋስው ያስመረረው ሁሉ ይህን ቢያነብ ይጽናናል። አዳምስ የጉባኤውን መዝገብ በ1819 ለማተም ያዘጋጁት ራሳቸው ስለ ነበሩ፣ የመጀመሪያው ረቂቅ ምን እንደሚል ከሌላው ሰው ሁሉ ይልቅ ያውቁ ነበር።

ምክር ቤቶቹ በግንቦት መጨረሻ በተለየ ስብሰባ ሲገናኙ ነገሩ ለክርክር ቀረበ። በሕግ መምሪያው ምክር ቤት ለታይለር በሚላከው መልእክት ላይ «ፕሬዚዳንት» የሚለው ተሰርዞ «አሁን የፕሬዚዳንቱን ተግባር የሚፈጽሙት ምክትል ፕሬዚዳንት» ይባል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ወደቀ። በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ደግሞ የኦሃዮው ዊልያም አለን ያቀረቡት ተመሳሳይ ማሻሻያ በ38 ድምፅ ተቃውሞና በ8 ድምፅ ድጋፍ ተጣለ። በዚህ ነገሩ አለቀ። ሕገ መንግሥቱ አልተለወጠም፤ ፍርድ ቤትም አልተጠየቀም፤ አንድ ሰው «ነኝ» አለ፣ ምክር ቤቶቹም «ነህ» አሉት።

በእኛ አስተያየት አዳምስ በቃሉ ረገድ ትክክል ነበሩ፤ የታይለርም አሠራር ያለ ምክንያት አልነበረም። ታይለር የያዙት ዘመን አራት ዓመት ሊሞላ አንድ ወር ብቻ የጎደለው ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን በተውሶ ስም የሚገዛ ሰው ትእዛዙን ማን ያከብርለታል? ሚኒስትሮቹ የሐሪሰን እንጂ የእርሳቸው አልነበሩም። የፓርቲው መሪ ሄንሪ ክሌይም መንግሥቱን ከምክር ቤት ሆነው ሊመሩ ይፈልጉ ነበር። የባንኩን ሕግ ታይለር ሁለት ጊዜ አልፈርምም ባሉ ጊዜ ከዌብስተር በቀር ሚኒስትሮቹ ሁሉ በመስከረም 11 ቀን 1841 በአንድ ቀን ሥራቸውን ለቀቁ፤ ፓርቲያቸውም አስወጣቸው። እንደራሴ ቢሆኑ ኖሮ በዚያ ሳምንት ሥልጣናቸው ባበቃ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ፕሬዚዳንት በሞተ ቁጥር የታይለር አሠራር እንደ ሕግ ተቆጠረ። በ1850 ፊልሞር፣ በ1865 አንድሩ ጆንሰን ያለ ክርክር ማሉ። እስከ 1963 ድረስ በሥራ ላይ እያሉ የሞቱት ፕሬዚዳንቶች ስምንት ናቸው፤ በስምንቱም ጊዜ ሥልጣኑ ያለ ሁከት ተላልፏል። በአልጋ ምክንያት ስንት ደም እንደ ፈሰሰ ታሪክ ለሚያነብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ለዚህ የተከፈለ ዋጋ አለ። አንቀጹ ሞትንና አለመቻልን በአንድ ዐረፍተ ነገር ስለሚያጣምር፣ «ይኸው» የተባለው ሹመቱ ነው ከተባለ በሕመምም ጊዜ የሚተላለፈው ሹመቱ ነው። ፕሬዚዳንቱ ታሞ ምክትሉ ሥራውን ከያዘ ምክትሉ ፕሬዚዳንት ሆነ ማለት ነው፤ የታመመው ሲድን ወዴት ይመለሳል? በአንድ አገር ሁለት ፕሬዚዳንት አይኖርም። ስለዚህ የታይለር አሠራር አልጋ ወራሹን ሲያጸና እንደራሴውን አጠፋው።

የዚህ ክፉ ውጤት በ1881 ታየ። ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በሐምሌ 2 ቀን በዋሽንግተን የባቡር ጣቢያ በጥይት ተመቱ፤ በመስከረም 19 ቀን አረፉ። በመካከል ያሉት 79 ቀናት ናቸው። በእነዚህ ቀናት ሁሉ አንድ ወንጀለኛን ለሌላ አገር አሳልፎ ለመስጠት የተዘጋጀ ወረቀት ከመፈረም በቀር ፕሬዚዳንቱ የመንግሥት ሥራ አልሠሩም። ሚኒስትሮቹ ተሰብስበው ምክትሉ ቼስተር አርተር ሥራውን ቢይዙ መልካም ነው አሉ፤ ነገር ግን ከሰባቱ አራቱ አርተር ሥራውን ከያዙ ጋርፊልድ ቢድኑም እንኳ ሊመለሱ አይችሉም የሚል አሳብ ነበራቸው። አርተር ደግሞ የሚገኙበት ሁኔታ እጅግ አስቸጋሪ ነበር። በፓርቲው ውስጥ ከጋርፊልድ ጋር የሚከራከረው ወገን ሰው ነበሩ። ነፍሰ ገዳዩም ሲያዝ እኔ የዚያ ወገን ሰው ነኝ፣ አሁን አርተር ፕሬዚዳንት ይሆናል እያለ ጮኾ ነበር። እንዲህ ከተባለ በኋላ እጁን ወደ ሥልጣን የሚዘረጋ ሰው ምን ይባላል? አርተር እምቢ አሉ፤ በኒው ዮርክ ተቀምጠው ቆዩ። በዚያ ላይ ምክር ቤቶቹ ገና ስላልተሰበሰቡ ከአርተር ቀጥሎ ተራው የሚደርሰው የሕግ መወሰኛ ጊዜያዊ ሊቀ መንበርም የሕግ መምሪያ አፈ ጉባኤም አልነበረም። እኒያ 79 ቀናት በሰላም ያለፉት በሕጉ ብርታት አይደለም፤ በዕድል ነው።

የፕሬዚዳንት ዊልሰን ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በጥቅምት 2 ቀን 1919 ግማሽ አካላቸውን ያሰነፈ ብርቱ ሕመም አገኛቸው። የሥራ ዘመናቸው እስኪያልቅ እስከ መጋቢት 1921 ድረስ 17 ወር ቀርቶ ነበር። የቬርሳይ ውል በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የሚወድቅበት ጊዜ ይህ ነው። ወረቀቶቹን እየመረጡ ወደ ሕመምተኛው የሚያቀርቡት ባለቤታቸው ወይዘሮ ኢዲት ነበሩ። ምክትሉ ቶማስ ማርሻል ሥራውን ለመያዝ አልፈቀዱም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮበርት ላንሲንግ ሚኒስትሮቹን እየሰበሰቡ ሥራ ቢያስኬዱ፣ ዊልሰን ይህን ሰምተው በየካቲት 1920 ከሥራቸው አስወጧቸው። ማርሻልንም አርተርንም ፈሪዎች ናቸው ብለን ልንነቅፋቸው አንችልም፤ ሕጉ የከፈተላቸው አንድ በር ብቻ ነበር፣ እርሱም የወራሽ በር ነው።

በእኛ አገር ዘንድ የሚታወቁት የመጀመሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ሳይሆኑ አይቀሩም፤ በመጋቢት 1957 በአፍሪካ ጉዟቸው ኢትዮጵያን ጎብኝተዋልና። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በመስከረም 1955 የልብ ሕመም ስላገኛቸውና ከዚያም ደጋግመው ስለ ታመሙ፣ በ1958 ከኒክሰን ጋር በደብዳቤ ተስማሙ። ስምምነቱ ፕሬዚዳንቱ ሲታመሙ ምክትሉ ተጠባባቂ ሆነው ይሠራሉ፣ ፕሬዚዳንቱ መዳናቸውን ሲያስታውቁ ሥልጣኑ ይመለሳል የሚል ነበር። እንደራሴው ከ117 ዓመት በኋላ ተመለሰ፤ ነገር ግን የተመለሰው በሁለት ሰዎች ቃል ኪዳን እንጂ በሕግ አልነበረም።

ሕጉን ያመጣው የኅዳር 22 ቀን 1963 ዓመፅ ነው። ኬኔዲ ሲገደሉ ሊንደን ጆንሰን ወዲያው ማሉ፤ የምክትሉ ወንበር ግን ባዶ ሆነ፣ 14 ወር ያህልም ባዶውን ቆየ። ቀጥሎ ተራ የያዙት አፈ ጉባኤው ጆን ማኮርማክ 71 ዓመታቸው፣ ከእርሳቸውም ቀጥሎ ያሉት ካርል ሄይደን 86 ዓመታቸው ነበር። ነገሩ አዲስ አልነበረም፤ ከ1967 በፊት ወንበሩ 16 ጊዜ ባዶ ሆኖ በጠቅላላው ከ37 ዓመት በላይ ማንም አልተቀመጠበትም። አሁን ግን የአቶሚክ ቦምብ ዘመን ሆኗል። በየካቲት 10 ቀን 1967 የጸደቀው 25ኛው ማሻሻያ በመጀመሪያው ክፍሉ ፕሬዚዳንቱ ሲሻር፣ ሲሞት ወይም ሲለቅ ምክትሉ ፕሬዚዳንት «ይሆናል» ብሎ ለታይለር ፈረደ። በሦስተኛውና በአራተኛው ክፍል ግን ፕሬዚዳንቱ ሥራውን መሥራት በማይችልበት ጊዜ ምክትሉ «ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት» ብቻ ይሆናል ብሎ ለአዳምስ ፈረደ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እያንዳንዳቸው ግማሹን ረቱ።

ሁለተኛው ክፍል ባዶውን ወንበር በፕሬዚዳንቱ ምርጫና በሁለቱ ምክር ቤቶች ፈቃድ የሚያስሞላ ነው። ጄራልድ ፎርድ በታኅሣሥ 1973 በዚህ መንገድ ምክትል ሆኑ፤ ኒክሰን በነሐሴ 9 ቀን 1974 ሲለቁ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ኔልሰን ሮክፌለርንም በተራቸው ምክትል አደረጉ። በሕዝብ ምርጫ የቆመ መንግሥት ሁለት ዓመት ያህል ሕዝብ ያልመረጣቸው ሁለት ሰዎች መሩት። ሦስተኛው ክፍል ፕሬዚዳንቶች ለሕክምና ሲደነዝዙ ለጥቂት ሰዓት ሠርቷል፤ በኅዳር 19 ቀን 2021 ካማላ ሐሪስ ለ85 ደቂቃ ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ፕሬዚዳንቱ ሳይፈቅድ የሚሠራው አራተኛው ክፍል ግን እስከ 2024 ድረስ አንድ ጊዜም አልተሠራበትም። በመጋቢት 30 ቀን 1981 ሬገን በጥይት ሲመቱ ወረቀቱ ተዘጋጅቶ ሳይፈረም ቀረ። የአርተር ፍርሃት በሕግ ቢወገድም ከሰው ልብ አልወጣም ማለት ነው።

ይህ ጥያቄ የሩቅ አገር ጥያቄ ብቻ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥታችን በ75ኛው አንቀጽ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖሩበት ጊዜ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተክተዋቸው ይሠራሉ ይላል። «በማይኖርበት ጊዜ» ማለት ለጉብኝት ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ነውን? ሲታመም ነውን? ሲሞትስ? ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በነሐሴ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ምክትላቸው ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥራውን በተጠባባቂነት ያዙ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተሰብስቦ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ የፈጸሙትም በመስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። በእኛ ዘንድ ምክትሉ በእንደራሴነት 32 ቀን ከሠራ በኋላ ሹመቱን ያገኘው ከምክር ቤት እንጂ ከሟቹ አይደለም፤ የፊላዴልፊያው ኮሚቴ በመስከረም 4 ቀን 1787 የጻፈው ረቂቅም ሌላ እስኪመረጥ ድረስ ይሠራል የሚል ነበር።